የወፈረ ሰው ሁሉ በደንብ የተመገበ ነውን?

ውድ አንባቢ፥ አንዲት እህት በዓይነ ኅሊናህ ተመልከት። ከመንዝ ተነሥታ አዲስ አበባ ከገባች አሥር ዓመት ሆኗታል። ስትመጣ ቀጭን ነበረች፤ ዛሬ ፊቷ ሞልቷል፥ ቀሚሷም ጠብቧታል። ለበዓል ወደ መሐል ሜዳ ስትመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ይቀበላታል። «እሰይ! ሰው ሆነሻል! ተመችቶሻል!» ይሏታል። እናቷም በኩራት «ልጄ ጠግባ ነው የምታድረው» ይላሉ።

ነገር ግን ይህች እህት ማንም የማያውቀው ችግር አለባት። ከመኪና ማቆሚያው እስከ እናቷ ቤት ያለውን አቀበት ለመውጣት ሦስት ጊዜ አረፈች። ልቧ ይመታል፥ ራሷን ያዞራታል፥ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ መግፋት ሆኖባታል። በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን አዳር ጸሎት ላይ ስትደክም ያዩ አንዳንዶች «ምቾት አስንፏታል» ብለው አሙአት። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዳ ደሟ ሲመረመር ደም ማነስ እንዳለባት ተነገራት። «እኔ? ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክሜ? ምግብማ አላጣሁም» ብላ ተገረመች።

ይህች እህት በስም የምትታወቅ አንዲት ሴት አይደለችም፤ ብዙዎችን የምትወክል ምሳሌ ናት። ምናልባት አንተ፥ ወይም እህትህ፥ ወይም በኅብረት አጠገብህ የምትቀመጥ ሰው ልትሆን ትችላለች። ጥያቄዋም እውነተኛ ጥያቄ ነው። ከመጠን በላይ የወፈረ ሰው የምግብ እጥረት ሊኖርበት ይችላልን?

መልሱ አጭር ነው፤ አዎን፥ ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። እንዴት ሊሆን እንደሚችል ግን ቀስ ብለን እንመልከት።

ምግብ ሁለት ሥራ አለው

የምንበላው ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን ይሠራል። አንደኛው ኃይል መስጠት ነው። ለመራመድ፥ ለመሥራት፥ ለመተንፈስ እንኳ የሚያስፈልገን ማገዶ ማለት ነው። ይህን የምናገኘው በአብዛኛው ከእህል፥ ከስኳርና ከቅባት ነው። ሁለተኛው ሰውነትን መገንባት፥ መጠገንና ከበሽታ መከላከል ነው። ለዚህ ደግሞ ፕሮቲን፥ እንዲሁም በጥቂት በጥቂቱ የሚያስፈልጉ ቫይታሚኖችና ማዕድናት ያስፈልጋሉ። ከነዚህም መካከል ብረት፥ አዮዲን፥ ዚንክ፥ ፎሊክ አሲድ፥ ቫይታሚን ኤ፥ ቫይታሚን ዲ፥ ቫይታሚን ቢ12 ይገኛሉ።

ሰውነት የተረፈውን ኃይል ወደ ስብ ለውጦ ያስቀምጣል። ብረትን ወይም አዮዲንን ግን ከስብ ሊያወጣ አይችልም። በመንዝ የድንጋይ ቤት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል። ድንጋይ በግቢው ተከምሮ፥ ለጣሪያው እንጨት፥ ለክዳኑም ሣር ከሌለ ቤቱ አይቆምም። የድንጋዩ ክምር ትልቅ መሆኑ ቤቱን ቤት አያደርገውም። እንዲሁም የስቡ ክምር ትልቅ መሆኑ ሰውነቱ የሚያስፈልገውን ሁሉ አግኝቷል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት «የተዛባ አመጋገብ» ሲል ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ይዞ ነው። የመጀመሪያው የምግብ ማነስ ነው፤ መቀጨጭ፥ መቀንጨርና የክብደት ማነስ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው የቫይታሚንና የማዕድን እጥረት ነው። ሦስተኛው ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ከእርሱ ጋር የተያያዙ በሽታዎች ናቸው። ሦስቱ በአንድ አገር፥ በአንድ ቤት፥ በአንድ ሰውም ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.5 ቢሊዮን ያህል አዋቂዎች ከልክ ያለፈ ክብደት እንደነበራቸው፥ ከእነዚህም 890 ሚሊዮን ያህሉ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ውስጥ እንደነበሩ ገልጿል። በዚያው ዓመት 390 ሚሊዮን አዋቂዎች ደግሞ ክብደታቸው ከሚገባው በታች ነበር።

ውፍረት በምን ይለካል?

ዓይን ጥሩ ሚዛን አይደለም። የጤና ባለሙያዎች የሰውን ክብደት በኪሎ ግራም ወስደው ለቁመቱ በሜትር ሁለት ጊዜ ያካፍሉታል። ለምሳሌ ቁመቷ 1.60 ሜትር፥ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች ሴት 70 ለ1.60፥ እንደገናም ለ1.60 ሲካፈል 27 ያህል ይሆናል። ውጤቱ ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደት አንሷል፤ ከ18.5 እስከ 25 ቢሆን ጤናማ ነው፤ 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደቱ ከልክ አልፏል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። የወገብ ዙሪያም ይለካል። ሴት ከ80፥ ወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ለስኳርና ለልብ በሽታ የመጋለጡ ዕድል መጨመር ይጀምራል። ቦርጭ የክብር ምልክት ሆኖ በቆየበት አገር ይህን መስማት ለብዙዎቻችን ይከብዳል።

ልብ በል፤ ይህ ሁሉ የሚለካው የሰውነትን ክብደትና መጠን ነው። በደም ውስጥ ብረት ስለመኖሩ፥ በአጥንት ውስጥ ቫይታሚን ዲ ስለመድረሱ ሚዛኑ አይነግረንም።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ውጤት ሁለቱን ጫፎች አብሮ ያሳያል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ክብደታቸው ያነሰ ነበር። 8 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከልክ ያለፈ ክብደት ወይም ውፍረት ነበራቸው፤ በከተማ ግን ይህ ቁጥር ወደ 21 በመቶ ከፍ ይላል። ከሴቶች 24 በመቶ፥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናትም 57 በመቶ ደም ማነስ ነበረባቸው።

የመቀንጨር ነገር ደግሞ ለአማራ ክልል ከባድ ሸክም ነው። በዚያው ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የቀነጨሩ ሲሆኑ፥ በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበር፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አነስተኛ ጥናት አገራዊውን ቁጥር 37፥ የአማራን 41 በመቶ አድርሶታል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» በሚል እስከ 2030 መቀንጨርን ለማጥፋት የተነሣው ይህን በማየት ነው።

የቀነጨረ ልጅ የግድ የከሳ አይደለም። ጉንጩ ሞልቶ፥ ለቁመቱ ክብደቱ ትክክል ሆኖ፥ ለዕድሜው ግን አጭር ሊሆን ይችላል። እናቱ «ልጄ ወዛም ነው» ትላለች። ጎረቤቱም የሦስት ዓመቱን ልጅ ሁለት ዓመቱ ይመስለዋል። በገጠሩ ብዙ ሰው «ዘራችን አጭር ነው» ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከዘር ይልቅ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት፥ ማለትም ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት፥ ከጎደለው ምግብና ከተደጋገመው ተቅማጥ የመጣ ነው።

የደጋው ማዕድ

እስቲ ወደ ደጋው እንውጣ። ገራ ምድር፥ ማማ ምድርና ላሎ ምድር፥ ግሼም ጭምር፥ ብዙው ስፍራቸው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው። ብርዱ ጽኑ ነው፤ ውርጭም እህል ያቃጥላል። እዚያ ከሁሉ ይልቅ የሚበቅለው ገብስ ነው፤ ስንዴና ባቄላም አሉ፤ በግም ይረባል። ወደ መርሐቤቴ ሲወረድ፥ ወደ ጃማ ሸለቆ ሲጠጋ፥ ጤፍና ማሽላ ይመጣሉ።

የገብስ ምግብ ክቡር ምግብ ነው። በሶው፥ ቆሎው፥ ቂጣው፥ የገብስ እንጀራው ከባቄላ ሽሮ ጋር ሲሆን ኃይልም ፕሮቲንም ይሰጣል። ገበሬውን አቀበት ቁልቁለት ያስኬደው እርሱ ነው። ነገር ግን ማዕዱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሲሆን የሚጎድል አለ።

ብረትን እንውሰድ። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ብረት አለ፤ ጤፍማ በብረት የታወቀ ነው። ሆኖም በእህሉ ልባስ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረቱን ይዞ ስለሚያስቀረው ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ነው። ሊጥ ሲቦካ፥ እህል ሲበቅል ይህ ያዥ ነገር ይቀንሳል፤ እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የደረሱበት ጥበብ ነው። በምግብ ላይ ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ብረቱን መልሶ ያስቀራል። ከጤፍ ጋር የሚቆጠረው ብረት ከፊሉ ደግሞ በአውድማ ላይ ከተቀላቀለው አፈር የመጣ መሆኑ ታውቋል።

አዮዲንን እንውሰድ። በተራራማ አገር ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥበው አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ አፈር የበቀለ እህል፥ ከዚያ ሣር የጋጠ በግ፥ አዮዲን ያንሰዋል። እንቅርት በደጋው ሴቶች አንገት ላይ ለምን እንደበዛ ምሥጢሩ ይህ ነው። የጎላው ጉዳት ግን በአንገት ላይ የሚታየው አይደለም። እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጁ አእምሮ እድገት ይጎዳል። ኢትዮጵያ ቀድሞ አዮዲን ያለበትን ጨው የምታገኘው ከኤርትራ ጠረፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጦርነቱ ሲነሣ ይህ ተቋረጠ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወሰነ። ዛሬ ብዙው ቤት አዮዲን ያለበት ጨው አለው። ሆኖም ጨው በተከፈተ ዕቃ ከተቀመጠ፥ ፀሐይና እርጥበት ከነካው፥ ወይም ከወጡ ጋር ረጅም ጊዜ ከፈላ አዮዲኑ ይቀንሳል።

ቫይታሚን ኤን እንውሰድ። ሲጎድል ዓይን በምሽት ማየት ያቅተዋል፤ አባቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ነው። የሚገኘው ከወተት፥ ከዕንቁላል፥ ከጉበት፥ ከጥቁር አረንጓዴ ጎመን፥ ከካሮትና ከዱባ ነው። በደጋው ወተቱ ጥቂት ነው፤ ዕንቁላሉም ብዙ ጊዜ ለጨውና ለደብተር መግዣ ወደ ገበያ ይሄዳል። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ኦርቶዶክስ እንደመሆኑ ዓመቱ ብዙ የጾም ቀናት አሉት። ሕፃናት እንዲጾሙ አይጠበቅም፤ ነገር ግን የጾም ድስት እንዳይነካካ በሚል ለልጁ ለብቻው ዕንቁላል ወይም ወተት ሳይዘጋጅለት እንደሚቀር በአማራ ክልል በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል። የወንጌላውያን ቤተሰብ የሆንንም ቢሆን ከዚህ ነፃ ነን አንበል፤ ዕንቁላሉን ሸጦ ብስኩት ለልጅ የሚገዛ በእኛም መካከል አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገሪቱ ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት ዝቅተኛውን ተገቢ አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከደጋ ወደ ከተማ ሲወረድ

እንግዲህ ወደ እህታችን እንመለስ። ከመንዝ ስትወጣ ብረቷም አዮዲኗም አስቀድሞ የተሟላ አልነበረም። ከተማ ስትገባ የተለወጠው ምንድን ነው?

አንደኛ፥ ዘይት በዛ። አንድ ግራም እህል ወይም ስኳር 4 ካሎሪ ያህል ሲሰጥ አንድ ግራም ቅባት 9 ይሰጣል። ሁለተኛ፥ ስኳር ገባ። ጠዋት ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ከነጭ ዳቦ ጋር፥ ቀን ለስላሳ፥ ማታ ፓስታ ወይም ሩዝ ሆነ። በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል፥ ማለትም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፥ ቢቻል 25 ግራም እንዲሆን ይመክራል። ሦስተኛ፥ እግር አረፈ። በመንዝ ውኃ ለመቅዳት፥ ገበያ ለመውጣት፥ ኩበት ለመልቀም ሰዓታት ይኬዳል፤ በከተማ ታክሲ አለ። አራተኛ፥ ጥሩው ነገር ቀረ። ቆሎው፥ ባቄላው፥ ጎመኑ «የድሃ ምግብ» ተባለ፥ ወይም ተወደደ።

ስለዚህ ኃይል ሰጪው ምግብ እጥፍ ሆነ፤ ገንቢውና ተከላካዩ ግን በነበረበት ቀረ፥ ወይም ቀነሰ። ውጤቱም ሥጋዋ ጨምሮ ደሟ ማነሱ ነው። ይህ የስግብግብነት ታሪክ አይደለም። በገበያ ላይ በጥቂት ብር ሆድን የሚሞላው ነጭ ዱቄት፥ ስኳርና ዘይት ሲሆን፥ ዕንቁላል፥ ሥጋ፥ ወተትና ፍራፍሬ ውድ ናቸው። ብዙ ጊዜ ውፍረት ጥጋብን ሳይሆን የኪስ ማነስን ይናገራል።

ውፍረት ራሱ እጥረትን ሲያባብስ

ሌላም ነገር አለ። የበዛ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይደለም። በሰውነት ውስጥ ቀላል ግን የማያቋርጥ ብግነት ያስነሣል። በዚህ ጊዜ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር አብዝቶ ያመነጫል፤ እርሱም አንጀት ብረት እንዳይቀበል በሩን ይዘጋል። ስለዚህ ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ምግብ ቢበሉ ከመጠን በላይ የወፈረችው የምታገኘው ብረት ሊያንስ ይችላል።

ቫይታሚን ዲም እንዲሁ ነው። በቅባት የሚሟሟ ስለሆነ በስብ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል፤ በደም ውስጥ የሚገኘው ያንሳል። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ሲሆን ችግሩ ይከፋል። እርጉዝ ሴት ከመጠን በላይ ስትወፍር ደግሞ የልጁ አከርካሪና ጭንቅላት በትክክል ሳይገጥም የመወለዱ አደጋ ይጨምራል፤ የፎሊክ አሲድ እጥረት ሲታከልበት የበለጠ ይከፋል። ስለዚህ «አንቺማ ወፍራም ነሽ፥ ኪኒኑ አያስፈልግሽም» ብሎ እርጉዝን መምከር ትልቅ ስሕተት ነው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ለቀጭኗም ለወፍራሟም ነው።

የ77ቱ ረሃብ ጥላ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ረሃብን ያውቃል። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ከወሎና ከትግራይ ጋር ሰሜን ሸዋንም መትቷል። ያን ጊዜ በእናቶቻቸው ማኅፀን የነበሩ ዛሬ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ረሃቡ አልፏል እንላለን፤ በሰውነት ላይ ግን ምልክቱ ይቀራል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ባርከር ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ያስገነዘበው ነገር ነበር፤ ይኸውም በማኅፀን ሳለ የተራበ ልጅ ካደገ በኋላ ለልብና ለስኳር በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል የሚል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት ኔዘርላንድ ተርባ ነበር። በዚያ ጊዜ በተፀነሱ ልጆች ላይ ከብዙ ዓመታት በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ውፍረትና ሌሎች በሽታዎች በዝተው ተገኙ። በአገራችንም በራያ ቆቦ በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ተፀንሰው በነበሩ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ቦርጭ፥ የደም ግፊትና የስኳር መጨመር አንድ ላይ የሚታዩበት ችግር በእነርሱ ላይ በዝቶ አግኝቷል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በማኅፀን የተራበ ሰውነት ጥቂቱን ቆጥቦ መያዝ ይማራል። ኋላ ምግብ ሲትረፈረፍ ያ የተማረው ቁጠባ ስብ ማከማቸት ይሆናል። እንግዲህ ዛሬ ወፍሮ የምናየው የአርባ ዓመት ሰው ውፍረቱ ከረሃብ የተወለደ ሊሆን ይችላል። ይህን ያወቀ ሰው በወፍራም ወንድሙ ላይ ለመሳቅ አይቸኩልም።

ውፍረት የሚመስል እብጠት

በተለይ ወላጆች ይህን ክፍል በማስተዋል አንብቡት። ሕፃን ልጅ ፊቱ ሞልቶ፥ እግሩ ደንድኖ ሲታይ ሁልጊዜ ወፈረ ማለት አይደለም። ክዋሽዮርኮር የሚባለው ከባድ የምግብ እጥረት ልጁን ያሳብጠዋል። በሽታውን በዚህ ስም ለሐኪሞች ያስታወቀችው በዛሬዋ ጋና ስትሠራ የነበረችው ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ ናት፤ ዘመኑም 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነበር። ስሙ የተወሰደው ከአካባቢው የጋ ቋንቋ ሲሆን፥ ታናሽ ሲወለድበት ጡት የተነጠቀውን ልጅ ሕመም ያመለክታል።

እንዴት ይለያል? የልጁን ሁለት እግሮች ከላይ በአውራ ጣታችሁ ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑት። ጣታችሁን ስታነሡ ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት እንጂ ውፍረት አይደለም። ፀጉሩ ሳስቶ ወደ ቀይ ይለወጣል፥ ቆዳው ይላጣል፥ ልጁ ይነጫነጫል፥ ምግብም እንቢ ይላል። በክንድ መለኪያው ቴፕ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በከባድ ሁኔታ እንደተጎዳ ይቆጠራል፤ ሁለቱም እግሩ ያበጠ ልጅ ግን ክንዱ የፈለገውን ያህል ቢሆን በከባድ እጥረት ላይ ነው። አንድ ቀን አትጠብቁ፤ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ያውቃሉ፤ ሕክምናውም አለ።

በአገራችን ለዚህ ችግር መልስ የተፈለገው ገና ቀድሞ ነው። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ተቋም፥ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፥ «ፋፋ» የተባለውን የሕፃናት ምግብ አዘጋጀ። ስሙ ራሱ «ፋፋ፥ ወዛ፥ አደገ» ማለት ነው። ዱቄቱ ውስጥ የነበረው እህል ብቻ ሳይሆን ጥራጥሬ፥ ወተትና ቫይታሚን ጭምር መሆኑ ትምህርት ይሰጠናል። ልጅን የሚያፋፋው ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በቤታችን። ውድ ነገር መግዛት የግድ አይደለም። በሳምንቱ ማዕድ ላይ ከእህሉ ጎን ጥራጥሬ፥ ጎመን፥ ካሮት ወይም ዱባ ይኑር። ዶሮ ያለው ሰው ከዕንቁላሉ ጥቂቱን ለትንሹ ልጅና ለእርጉዟ ያስቀር። ቡናና ሻይ ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግይ። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከምግብ ጋር ሲወሰድ ብረቱን ያግዛል። አዮዲን ያለበት ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፥ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። በሶና ቆሎ ወደ ከተማ ማዕዳችን ይመለሱ፤ ከብስኩትና ከለስላሳ ይበልጣሉ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድም አይቅር።

ሁለተኛ በጤና ተቋም። ወፍራም ሆነህ የሚደክምህ፥ የሚያዞርህ፥ ልብህ የሚመታ ከሆነ «ውፍረቱ ነው» ብለህ አትተወው። የደም ማነስ፥ የስኳርና የግፊት ምርመራ አድርግ። ጸልየንልህም ቢሆን ሂድ፤ ጸሎትና ምርመራ አይጣሉም። ኪኒን ግን ከሱቅ በራስህ አትግዛ፤ ብረት ሲበዛ ይጎዳል። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ምግብን ፈጽማችሁ አትቁረጡ፤ ከሥጋው ጋር የጎደለው ብረትና ፕሮቲን ይበልጥ ይጎድላል። የስኳር ሕመምተኛና እርጉዝ ሴት ጾም ከመያዛቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ሦስተኛ በቤተ ክርስቲያን። ዲያቆናት፥ ለችግረኛ እህል ስታካፍሉ በዓይን አትምረጡ። «እርሷማ ወዛም ናት፥ ሌላ ይውሰድ» የተባለችው እናት ማታ ልጆቿን በነጭ ዱቄትና በስኳር ሻይ የምታሳድር ልትሆን ትችላለች። በቤቷ ምን እንደሚበላ ጠይቁ። የምትሰጡትም ዱቄትና ዘይት ብቻ አይሁን፤ ምስር፥ ባቄላ፥ አዮዲን ያለው ጨው ጨምሩበት። ከአምልኮ በኋላ ለሚቀርበው መስተንግዶ በለስላሳው ፈንታ ውኃና ቆሎ ቢሆን ማን ይጎዳል?

በመጨረሻም በአንደበታችን። ሰው ስናገኝ «ወፈርክ» ወይም «ከሳህ» ማለት ሰላምታ ሆኖብናል። አንዱ ምስጋና፥ ሌላው ሐዘኔታ ይመስለናል። ነገር ግን ሥጋ ስለ ሰው ጤና የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። ያቺ አቀበቱን ሦስት ጊዜ ያረፈችበት እህታችን «ተመችቶሻል» ብለው ከተቀበሏት ሰዎች መካከል አንዱ እንኳ «እንዴት ነሽ፥ ይደክምሻል እንዴ?» ቢላት ኖሮ ቀድማ ትመረመር ነበር። እንግዲህ ውድ አንባቢ፥ ይህን ጥያቄ ዛሬ አጠገብህ ላለው ሰው አንተ ጠይቅ። ጤናውን ያብዛልን።